ምስጋና የሌለው ሽረት

ኦዲሎን ኔሬስታን ያን ዕለት ጠዋት መነጽሩን አውልቆ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው፣ ጭልፋው ከእጄ አመለጠኝ። ይኸው ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ትዝ ሲለኝ ልቤ ዘጭ ይላል። ሰው መነጽሩን ቢያወልቅ ምን ያስደነግጣል ትሉኝ ይሆናል። ኦዲሎንን ስለማታውቁት ነው። እስቲ ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

እኔና እሱ የወንድማማች ልጆች ነን። ያደግነው ቤኔ ነው፣ ባሕሩ ዳር፣ በአያታችን በክሌርሜዚን ግቢ። በዕድሜ ትንሽ ስለምበልጠው፣ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም ኦዲ እያልኩ ስጠራው ማንም አልከለከለኝም። ቀጭን ልጅ ነበር፣ ዝምተኛ። መንደሩ ለደቦ ወጥቶ የአንዱን ማሳ ሲቆፍር ለኦዲ ዶማ የሚሰጠው ሰው የለም፤ ጉልበቱን ያውቁታላ። እሱ ከበሮ መቺው ጀርባ ይቆምና ለዘፋኙ ግጥም ያቀብላል። «አሁን የቪክቶርን ስንፍና በለው» ይለዋል በጆሮው፣ «አሁን ደግሞ ዝናቡን ስደበው»። ዘፋኙ ይቀበልና ይለቀዋል፤ ሰው በሳቅ ይፈነዳል፤ ዶማው ሁሉ በአንድ ላይ ይነሣል፤ ማሳው ሳይታወቅ ያልቃል። ምስጋናው ለዘፋኙ ነው። ኦዲን የሚያየው የለም፣ እሱም እንዲያዩት አይፈልግም። ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ይኸው ነው ብል አልዋሸሁም። የተቀያየረው ዘፋኙ ብቻ ነው።

ከዚያ ጥግ ያወጣው ካሊክስት ፒዬርቫል ነው። ካሊክስት ጠበቃ ነው፣ ግዙፍ፣ ሲስቅ ግድግዳ የሚያነቃንቅ ሰው። ለምክር ቤት ሊወዳደር ቤኔ መጥቶ ደቦ ላይ ደረሰ። ሰዉ ሲስቅ ቆሞ አየና፣ ዓይኑን ከዘፋኙ ላይ አንሥቶ ከበሮው ጀርባ ላከው። ያኔ ኦዲ የመንደሩ አስተማሪ ሆኗል።

«አንተ ነህ እንዴ የዚህ ሁሉ ሳቅ ባለቤት?» አለው።

«ዘፋኙ ነው ጌታዬ።»

«ውሸታም! ከንፈርህ ከእሱ ቀድሞ ሲንቀሳቀስ አይቼዋለሁ። ና ግባ፣ መኪናው ውስጥ።»

ገባ። እንደ ቀልድ ገባ። አያታችን «ልጄን የት ሊወስደው ነው ይኼ ዝሆን?» እያለች በአንድ እግር ጫማ እስከ መንገዱ ሮጠች። ካሊክስት ተመረጠ፤ ኦዲም ቤኔ የተመለሰው ለልቅሶ ለልቅሶ ብቻ ሆነ።

ሁለቱ በደም አይገናኙም። በጥምቀት ውኃ ግን ተገናኝተዋል። ኦዲ ሴት ልጅ ስትወለድለት የክርስትና አባቷ ካሊክስት፣ የክርስትና እናቷ እኔ ሆንን። እኛ ዘንድ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል እንጂ አያንስም። ከወንድምህ ጋር ተጣልተህ ታርቀህ ትኖራለህ፤ በአበልጅህ ላይ ክፉ ያደረግህ ዕለት ግን ልጅህ የተጠመቀችበትን ውኃ እንዳቆሸሽክ ነው የሚቆጠረው። ኦዲ ወንድም አልነበረውም። የነበረው ካሊክስት ነው፤ ሌላ የለውም።

የኦዲ ሚስት ልጅቷን ይዛ ሞንትሪያል ስትሄድ፣ እኔ ቤቱን ላይለት ዋና ከተማው፣ ፖርት ኦ ፕሪንስ ገባሁ። ቱርጆ ሰፈር፣ የእንጨት ፎቅ ነው፤ ሲነፍስ እንደ ጀልባ ይንቋቋል። የካሊክስት ቤት ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት። እሑድ እሑድ በረንዳችን ላይ ዶሚኖ ይጫወታሉ። የተሸነፈ ጆሮው ላይ የልብስ መቆንጠጫ ይሰካበታል፤ ሕጉ ነው። አንድ እሑድ ካሊክስት ሁለቱንም ጆሮውንና ከንፈሩን ተሰክቶ ሳለ ስልክ ተደወለና፣ እንደዚያው ሆኖ ከፕሬዚዳንቱ ጋር አወራ። ያኔ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ነበር እኮ! «አዎ ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ትንሽ ጉንፋን ይዞኝ ነው ድምፄ የታፈነው።» ኦዲ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። እንደዚያ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

ኦዲ ምን እንደሚሠራ ግን በደንብ አላውቅም ነበር። «ቢሮ ነው የምሠራው» ይለኛል፣ በቃ። አንድ ቀን ፕሬዚዳንቱ በሬዲዮ ሲናገሩ ልብስ እተኩሳለሁ። «ልጆቼ፣ ሰሌኑን ዘርጉ፣ በቆሎውን አብረን እንፈለፍላለን፤ ማንም ቆሞ አይመልከት» አሉ። እጄ ደረቀ። የአያታችን የክሌርሜዚን ቃል ነው! ቃል በቃል! በየማታው ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ የምትጠራን እንደዚያ ብላ ነበር። የሞተች አያቴ በአገሪቱ ፕሬዚዳንት አፍ ስትናገር ሰማሁ። የነቃሁት የኦዲ ሸሚዝ በካውያው ሲቃጠል ሸትቶኝ ነው። ሲመጣ ሸሚዙን አንሥቼ አሳየሁት። «ይኼ ያንተ ሥራ ነው» አልኩት። አየውና፣ «አያታችን ብትሰማ ደመወዝ ትጠይቀኝ ነበር» አለ።

የፕሬዚዳንት አማካሪ ማለት ይኸው ነው። መንግሥት በመንግሥት ሲቀያየር፣ የሰዉ ቤት ሲዘረፍ፣ ጎማ መንገድ ላይ ሲቃጠል፣ ኦዲ ሁልጊዜ ከበሮው ጀርባ ነው። ፎቶ አይነሣም። ግብዣ ላይ በስተ ኩሽናው በር ይገባል። ፕሬዚዳንት ፊት ደግሞ አይሆንም አይባልም፤ እሱ ግን መላ ነበረው። ነገሩ ካልጣመው መነጽሩን ያወልቅና በመሐረቡ መወልወል ይጀምራል። ፕሬዚዳንቱ ያንን ሲያዩ «ነገ እንመለስበታለን» ብለው ይዘጉታል። ቤተ መንግሥት ውስጥ «ኔሬስታን መነጽሩን አወለቀ» ከተባለ፣ ያ ጉዳይ ሞተ ማለት ነው። ታዲያ በከንቱ እንዳያባክነው ነው መሰል፣ ቤት ውስጥ አያወልቀውም። ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ አፍንጫው ላይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሹመትም ሽረትም የሚሰማው በሬዲዮ ነው። ሰውየው ራሱ ከሾፌሩ እኩል ነው የሚሰማው። ስለዚህ በቀትር ዜና ሰዓት ባለሥልጣን የሆነ ሁሉ ጉርሻው አፉ ላይ ይቆማል። ኦዲ ዜናው ሳያልቅ ጫማውን አያወልቅም ነበር። ሽረቱ ሲነበብ መጨረሻው ላይ «አገር ስላገለገላት ታመሰግነዋለች» የምትባል ነገር አለች። እሷ ከተነበበች ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ቤቱ ይገባል፤ ዶሮ ያረባል፤ ማንም አይነካውም። እሷ ከተዘለለች ግን ያ ሰው ሜዳ ላይ የቀረ ነው። ማንም የፈለገውን ሊያደርገው ይችላል።

በኅዳር ቀትር ላይ የካሊክስት ተነበበ። ድንች እልጥ ነበር። «ዜጋ ካሊክስት ፒዬርቫል ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ተነሥተዋል።» እሺ፣ አልኩ፣ ቀጥሉ። ሙዚቃ ገባ። ምስጋናዋን ጠበቅኩ፤ ሙዚቃው ነው የመጣው። ቀና ስል ኦዲ በሩ ላይ ቆሟል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔም አፌን ይዤ ቀረሁ፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ሁሉ የሚጽፈው ማን እንደሆነ በዚያን ጊዜ አውቃለሁ።

«ኦዲ» አልኩት፣ «አንተ አይደለህም በለኝ።»

ደረጃውን ወጥቶ በሩን ዘጋ።

በዚያው ቀን የካሊክስት በር ላይ ዘበኞች ቆሙ። ሳይከሰስ፣ ሳይጠየቅ፣ እቤቱ ታሰረ። የሚገባ ሰው ስሙ ለቤተ መንግሥት ይነገራል ተባለ፤ ከዚያ በኋላ የሚገባ ጠፋ። ያ ሁሉ ግብሩን የበላ ሰው በደጃፉ እንኳ ማለፍ ትቶ በእኛ በኩል መሻገር ያዘ። እኔ በረንዳ ላይ ስወጣ ካሊክስት መስኮቱ ላይ ይታየኛል። ጢሙን አይላጭም። የእኛን ቤት ነው የሚያየው።

ከገና በኋላ ኦዲ አንድ ምሳ ላይ ቀና አለና፣ «ኢዳ፣ ተራዬ ደርሷል» አለኝ። ፕሬዚዳንቱ የአዲስ ዓመት ስጦታህ ይታወጃል ብለውታል። ጥቁር ሙሉ ልብስ አሰፍቶ ነበር። ከመንደር አስተማሪነት ተነሥቶ፣ ለሌሎች አፍ ሲያቀብል ኖሮ፣ በመጨረሻ ስሙ ሊጠራ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። «በማን ወንበር?» አልኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ወንበሩን እኔም እሱም እናውቀዋለን።

እንግዲህ ያ ጠዋት መጣ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ቀን፣ የነፃነታችን ቀን። በዚያ ቀን ሁሉም ቤት የዱባ ሾርባ ይሠራል፤ በባርነት ዘመን ጌቶቻችን ለእኛ የከለከሉት ሾርባ ነበር፣ ስለዚህ በዚያ ቀን ከድሃ እስከ ሀብታም ሳይጠጣ የሚውል የለም። ደግሞ ብቻህን አትጠጣውም። ለጎረቤት ትልካለህ፣ ጎረቤት ይልክልሃል፤ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። የላኩለትን ያልተቀበለ፣ መላክ ሲገባው ያልላከ፣ ጠላትህ ነኝ ብሎ መንገድ ላይ እንደጮኸ ነው።

ፕሬዚዳንቱ ለበዓሉ ነፃነታችን ወደ ታወጀበት ከተማ፣ ወደ ጎናይቭ ሄደዋል፣ ቤተ መንግሥቱም አብሯቸው ተጠራርጎ ሄዷል። ኦዲ ንግግሩን ጽፎ ሰጥቶ ቀርቷል፤ ካሜራ ያለበት ቦታ አይሄድም። እኔ ሥጋውን፣ ጥቅል ጎመኑን፣ ካሮቱን፣ መኮሮኒውን ጨምሬ፣ ቃሪያዋን ሳላፈርጥ ከላይ አንሳፍፌ ሳህኖቹን እደረድራለሁ። መጨረሻ ላይ የቀረው ዳሩ ሰማያዊ የሆነው ነጭ የብረት ሳህን ነው። ኦዲ አዲሱን ጥቁር ልብስ ለብሶ፣ በቤት ነጠላ ጫማ ገባ።

«ያ የማን ነው?» አለኝ።

«ታውቀዋለህ።» ባለፈው ዓመት ከማዶ ሾርባ የመጣበት ሳህን ነው። ተራው የእኛ ነበር።

አየው። ከዚያ ነው መነጽሩን ያወለቀው። አወለቀ፣ አልወለወለውም፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ጭልፋዬ ወደቀ።

«ሙይው» አለኝ።

«ኦዲ፣ አብደሃል? ዛሬ? ቀትር ላይ ስምህ ሊጠራ?»

«ኢዳ፣ ሙይው አልኩሽ እኮ።»

«እሺ ልጅ እንላክ። እኔ ልውሰደው። አሮጊት ማን ይጠረጥራል?»

«አንቺ አልበደልሽውም» አለ።

ሞላሁት። በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። መነጽር ስለሌለው ደረጃውን በእግሩ ጣት እየዳበሰ ነው የወረደው። እኔ ከኋላው ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሳህን ተሸክሞ ከቤት ቤት ይመላለስ ነበር፤ ሲያየው ባለበት ቆመ። ጥላ ሆኖ የኖረ ሰው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በነጠላ ጫማ፣ የመንገዱን መካከል ይዞ ሾርባ ይሸከማል! አንዷ ጎረቤታችን «ኢየሱስ፣ ማርያም፣ ዮሴፍ!» ስትል ሰማሁ።

በሩ ላይ አሥር አለቃ ቪልኔር የሚባለው የዘበኞቹ አለቃ ተነሣ። ጎልማሳ ነው፣ ከሰሜን፣ ትራንዚስተር ሬዲዮውን የበሩ ብረት ላይ ሰቅሏል።

«ጌታዬ፣ ወዴት ነው?»

«ሾርባ ላደርስ።»

«እዚህ ቤት አይገባም ጌታዬ። ትእዛዝ ነው።»

«በዛሬ ቀን ሾርባ የማይገባበት ቤት አለ? ለመሆኑ አንተ ጠጥተሃል?»

ቪልኔር አንገቱን ደፋ። «ማን ያመጣልኛል? ባለቤቴ ሰሜን፣ ካፕ ከተማ ነው ያለችው።»

«ኢዳ!» አለ ኦዲ ዞር ሳይል፣ «ለአሥር አለቃና ለዘበኞቹ ሾርባ! ሥጋ ይብዛበት!»

እየሮጥኩ ድስቱን ራሱን አመጣሁት። ቪልኔር ድስቱን አየ፣ ኦዲን አየ፣ መንገዱን አየ። «በሩ ድረስ ብቻ» አለ።

እኛ ዘንድ ሰው ግቢ ዘሎ አይገባም። በር ላይ ቆሞ «ክብር!» ይላል፤ ባለቤቱ ከውስጥ «አክብሮት!» ብሎ ከመለሰ ነው የሚገባው። ካልመለሰ የምትሄደው በመጣህበት ነው። ኦዲ ቀጥ ብሎ ቆመና ተጣራ።

«ክብር!»

ዝም።

«ክብር!» አለ ድጋሚ። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ለመጮህ የተፈጠረ አይደለም። የሳህኑ ትኩሳት ጣቱን ሲያቀላው ይታየኛል። መስኮቱ ላይ የካሊክስት ጥላ አለ፤ አይነቃነቅም። ሰፈሩ ጸጥ ብሎ ሕፃን እንኳ አያለቅስም። በልቤ «ካሊክስት፣ ስለ ልጃችን ብለህ» እላለሁ። ያ መልስ ካልመጣ ኦዲ የሚመለስበት ቤት እንደሌለው ገባኝ፤ ሹመቱም፣ ጥቁር ልብሱም፣ እኔም ምንም አናደርግለትም።

«አበልጄ» አለ ኦዲ በመጨረሻ፣ «ክብር ብዬሃለሁ።»

ከውስጥ፣ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ያለ ድምፅ፣ «አክብሮት» አለ።

ወጣ። ያ ዝሆን ተሟጦ ቀበቶው ሁለት ጊዜ ሊዞረው ነው። ቪልኔር ድስቱ ላይ አጎንብሶ ሳለ ኦዲ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት፤ በረንዳው ደረጃ ላይ ተገናኙ። ካሊክስት ሳህኑን አልተቀበለም። እጁን ከኋላው አጣምሮ ጠየቀው።

«ምስጋናዋን ለምን ዘለልካት?»

«ጽፌያት ነበር» አለ ኦዲ። «ፕሬዚዳንቱ ፊቴ ሰረዟት።»

«አንተስ?»

«መነጽሬን አላወለቅኩም።»

«ሃያ ጊዜ ለበቆሎ ዋጋ አወለቅከው፤ ለወደብ ቀረጥ አወለቅከው» አለ ካሊክስት ቀስ ብሎ፣ «ለእኔ...» አልጨረሰውም። ኦዲ ዓይኑ ያለ መነጽር እንደ ሕፃን ዓይን ነው። «አሁን አውልቄ መጥቻለሁ» አለው። «ዘግይቻለሁ። ከፈለግክ ፊቴ ላይ ድፋው።»

ካሊክስት ሳህኑን ተቀበለ። ይደፋዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳህኑን እንደያዘ እየጠጣ ነው፣ እንባው ጢሙ ላይ። «ጨው አሳንሰሻል አበልጄ ኢዳ» አለኝ።

ቀትር የሆነው ያኔ ነው። የቪልኔር ሬዲዮ ከፍ አለ። መጀመሪያ ከጎናይቭ የፕሬዚዳንቱ ንግግር ነው፤ የኦዲ ከንፈር ከእሳቸው ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፣ የድሮ ልማዱ። ከዚያ አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ዜጋ ኦዲሎን ኔሬስታን የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ተሹመዋል።»

በስመ አብ! ወረቀቱ ለካ ከዋዜማው ጀምሮ ሬዲዮ ጣቢያው ተቀምጦ ኖሯል። የሾርባውን ነገር ገና የነገራቸው የለም። ቪልኔር ማንኪያው አፉ ውስጥ እንዳለ ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ጎመን ከጢሙ ተንጠልጥሏል። መንገዱ በጭብጨባ ተናጋ። ቅድም አፉን የያዘው ሁሉ ሳህኑን እያነሣ «ክቡር ሚኒስትር! ከእኛም ይቅመሱልን!» ማለት ጀመረ።

ካሊክስት ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እንኳን ደስ ያለህ» አለው። «ዘበኞቼ ካሁን ጀምሮ ያንተ ናቸው።»

የኦዲ እጅ ወደ አፍንጫው ሄደ፤ መነጽሩን ፈልጎ ነው፤ የለም። ጆሮው አጠገብ ደርሼ፣ «ኦዲ፣ ቀስ በል፤ እስኪመለሱ ጠብቅ፤ ለምነህ ታስፈታዋለህ» አልኩት። ወደ ዘበኞቹ ዞረ።

«አሥር አለቃ ቪልኔር!»

«አቤት ክቡር ሚኒስትር!»

«ዘበኞችህን ሰብስበህ ወደ ሰፈርህ ግባ። እዚህ በር ላይ ከእንግዲህ የሚቆም የለም።»

«ክቡር ሚኒስትር፣ እንዲህ ያለ ነገር... በጽሑፍ ቢሆን...»

«ሚኒስትር መሆኔን በጽሑፍ ነው ያወቅከው?»

«አይደለም፤ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያው ይኼንንም በጆሮህ ስማው።»

ሰውየው አሰበበት። ከእኛ ቤት ስልክ ደወለ፤ ቤተ መንግሥት የሚያነሣ የለም፣ ሁሉም ጎናይቭ ሾርባ ላይ ነው። ተመልሶ መጣና ሬዲዮውን ከበሩ አወረደ። «ሬዲዮው ብሏል፣ እኔ ማነኝ?» አለ ለዘበኞቹ። ድስቱ ውስጥ የቀረውን ጠጥተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እንደ ሕልም ነው። ኦዲ መነጽሩን ካመጣሁለት በኋላ መጀመሪያ የተናገረው «አበልጄ፣ መኪናህ ይነሣል?» ነው። ተነሣ። ያረጀች የጭነት መኪና ነች፤ ኋላዋ ላይ የእኔ ሻንጣና ሳህኑ፣ ፊት ሦስታችን ተጣብበን። «ሚኒስትር በዚህ ሲሄድ አያፍርም?» አለ ካሊክስት፤ ከኅዳር ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቀልዱ ነው። ወደ ቤኔ ነው፤ በካርፉር፣ በሌዮጋን አልፈን የዣክሜልን ተራራ ወጣን። በየኬላው ካሊክስት ጎንበስ ይላል፣ ኦዲ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ኔሬስታን፣ የአገር ውስጥ ሚኒስትር» ይላል። ወታደሩ ቀትር ላይ ሰምቷል፤ እንጨቱን ያነሣል። ሰላምታ ይሰጣል። እኔ በየኬላው ነፍሴ ትወጣና ትመለሳለች።

ተራራው ጫፍ ላይ መኪናዋ ፈላች። የተጠበሰ ሙዝና የአሳማ ሥጋ የምትሸጥ አንዲት ሴት ጃንጥላ ሥር ተቀምጣለች፤ ሬዲዮ አላት። እየበላን ሳለ የአሥር ሰዓቱ ዜና መጣ። «ዜጋ ኦዲሎን ኔሬስታን ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ተነሥተዋል።» ሦስታችንም ማኘክ አቆምን። ጠበቅን። ሙዚቃ ገባ።

«ምስጋናስ?» አለ ካሊክስት ወደ ሬዲዮው እያየ።

«የለም» አለ ኦዲ።

ካሊክስት መጀመሪያ ትከሻው ተነቃነቀ፣ ከዚያ ሆዱ፣ ከዚያ ያ ግድግዳ የሚያነቃንቀው ሳቁ ወጣ። «አንተንም አላመሰገኑህም! አንተንም!»

ሴትዮዋ በጭልፋዋ ሬዲዮውን እየጠቆመች፣ «ምስኪን ሰውዬ» አለች። «ቀትር ላይ ሾሙት፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሻሩት። በዚህች ሰዓት ውስጥ ደግሞ ምን ሊሰርቅ ደረሰ?»

«ሾርባ ሰጥቶ ነው» አላት ኦዲ።

«ሂድ ወዲያ፣ ለማኝ ቀልደኛ» አለችውና ሙዝ ጨመረችለት።

ቤኔ ሲመሽ ገባን። እስኪመጡብን ጠበቅን፤ ሳይመጡብን ያ መንግሥት ራሱ ወደቀ። አዲሶቹ ለኦዲ መልእክተኛ ላኩበት፤ እንግዳውን ቡና አጠጣና መነጽሩን አወለቀ። በቃ። ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፤ ለለቀስተኛ ንግግር፣ ለደቦ ግጥም ይጽፋል። እኛ ዘንድ አንዴ የተሾመ ማዕረጉ አይወርድለትም፤ ዓሣ ሻጮቹ ሳይቀሩ «ክቡር ሚኒስትር፣ ትኩስ ዓሣ!» እያሉ ይጣሩበታል። እሱ ይሸማቀቃል፣ እኔ እኮራለሁ። ካሊክስት ዣክሜል ጥብቅና ከፈተ። በየዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ያ ዳሩ ሰማያዊ ሳህን በአንድ ዓመት ከቤኔ ዣክሜል፣ በሌላው ከዣክሜል ቤኔ ይሄዳል። ስለዚያ ሽረት ግን ከዚያ በኋላ አንስተው ሲያወሩ አልሰማሁም። ይቅር ብሎት ይሆን? እኔ አልጠየቅኩም።

ኦዲ የሞተው ባለፈው የዝናብ ወራት ነው፤ ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ። ሬሳውን ስናጥብ መነጽሩን ላወልቅለት እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። እንዳለ ይሁን አልኩ።

የቀብሩ ዕለት ግቢው ሞልቷል። ካሊክስት በሁለት ምርኩዝ መጣ። ሰው እየደገፈው የግቢው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። «ግባ እንጂ አባቴ» ይሉታል። አልገባም። ምርኩዙን መሬት ላይ ተክሎ፣ በዚያ በተሰባበረ ድምፁ፣

«ክብር!» አለ።

ልቅሶው ሁሉ ቀጥ አለ። የቤቱ ባለቤት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ማን ይመልስለት? ያ ጠዋት፣ ያ በር፣ ያ የሚያቃጥል ሳህን ተመልሶ ፊቴ ቆመ።

«አበልጄ» አለ ካሊክስት፣ ዓይኑን ከሳጥኑ ሳይነቅል፣ «ክብር ብዬሃለሁ።»

ያን ቀን ካሊክስት፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ለኦዲ መልሶለት ነበር። ተነሣሁና ከሳጥኑ አጠገብ ሆኜ፣ በኦዲ ፈንታ «አክብሮት» አልኩ። ካሊክስት ባርኔጣውን አውልቆ ገባ።